በጋውን አገዳ ውስጥ የሚያሳልፈው የማሽላ ጠላት

ሐምሌ ሲጋመስ በወሎ፣ በሐይቅና በአምባሰል ዙሪያ ያለው ማሽላ ጉልበት አልፎ ወደ ወገብ ይጠጋል። በሬዎቹን ጠምዶ ለሽልሻሎ ወደ ማሳው የገባ ገበሬ ታዲያ አልፎ አልፎ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ያያል። ሰፊው ቅጠል ላይ፣ ከአንዱ ጠርዝ እስከ ሌላው፣ ክብ ክብ ቀዳዳዎች በአንድ መስመር ተሰድረዋል። ርቀታቸው ተመጣጣኝ፣ መጠናቸው ተቀራራቢ ነው። ፌንጣ እንዲህ አይበላም፤ ፌንጣ ከጠርዝ ጀምሮ እየገመጠ ይሄዳል። በረዶም ቅጠሉን ይተለትለዋል እንጂ ቀዳዳ አይደረድርም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ቀዳዳው ሲበጅ ቅጠሉ ገና አልተዘረጋም ነበር፤ በማሽላው እምብርት ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጦ ነበር። ጥቂት ሚሊ ሜትር ርዝመት ያላት አንዲት ትል መጣችና ጥቅሉን አንድ ቦታ ላይ በሳችው። ቅጠሉ አድጎ ሲዘረጋ፣ አጣጥፈው በመርፌ እንደወጉት ወረቀት፣ አንዱ ቀዳዳ ብዙ ሆኖ ወጣ።

ገበሬው ይህን ምልክት በሚያይበት ቀን ትሏ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ የለችም። ወደ አገዳው ውስጥ ገብታለች።

አገዳ ቆርቁር የምትባለው ይህች ትል ለአቅመ ክንፍ ስትደርስ፣ ማታ ማታ ኩራዝ ወይም አምፖል ዙሪያ የምትሽከረከር፣ ማንም ልብ የማይላት ቡናማ የእሳት እራት ትሆናለች። ክንፏ ተዘርግቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢለካ ከሁለት እስከ አራት ሳንቲ ሜትር ነው። በዚያ ዕድሜዋ ማሽላውን አትነካም፤ እንዲያውም ይህ ነው የሚባል ምግብ አትወስድም። ጥፋቱ ሁሉ የልጅነት ሥራዋ ነው።

ለወሎ ሰው ማሽላ ከፍሬው ያለፈ ነገር ነው። ፍሬው እንጀራ፣ ቂጣ፣ ንፍሮና ጠላ ይሆናል። ቅጠሉና አገዳው መኖ፣ ማገዶ፣ አጥርና የጎጆ ግድግዳ ነው። ጥንቅሹን ደግሞ ልጆች እየላጡ ይመጡታል። የአካባቢው ዘርም የዋዛ አይደለም፦ እ.ኤ.አ. በ1973 የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል በብዛት የተገኘባቸውን ሁለት የማሽላ ዓይነቶች ለዓለም ሲያስተዋውቁ፣ ሁለቱም ከወሎ የተሰበሰቡ ነበሩ። አገዳ ቆርቁር የሚያጠቃው እንግዲህ ፍሬውን ብቻ ሳይሆን ይህን ሁሉ ነው።

አገሬውና መጤው

አገዳ ቆርቁር ሲባል አንድ ዝርያ ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ የማሽላና የበቆሎ ማሳ ላይ ዋነኞቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው በሳይንሳዊ ስሙ ቡሴዎላ ፉስካ፣ ሁለተኛው ቺሎ ፓርቴለስ ይባላል። ሴሳሚያ የተባለና ሮዝ ቀለም ያላት ትል የሚፈለፍል ሦስተኛ ዘመድም አላቸው፤ ጉዳቱ ግን ከሁለቱ ያነሰ ነው።

ቡሴዎላ አገሬው ነው። ከሰሐራ በረሃ በስተደቡብ ካለው አፍሪካ ውጭ አይገኝም። ለሳይንስ ያስተዋወቀው በደቡብ አፍሪካ ይሠራ የነበረው ፉለር ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1901 ነው። ነፍሳቱ ግን ከዚያ በፊት እጅግ ብዙ ዘመን የዱር ማሽላ ውስጥ ሲኖር የቆየ ነው። የሰው ልጅ በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ የዱሩን ማሽላ አልምዶ ማሳ ላይ ሲያሰልፈው፣ ተባዩም ዱር ለዱር መንከራተቱ ቀረለት። በቆሎ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከአሜሪካ አህጉር ተሻግሮ ሲመጣ ደግሞ ሁለተኛ ቤት አገኘ። ለረጅም ጊዜ ብዙ ዓይነት የዱር ሣር ላይ ይኖራል ተብሎ ይታሰብ ነበር። በቅርብ ዓመታት የተደረጉ ፍተሻዎች ያሳዩት ግን ከማሽላ፣ ከበቆሎና ከጥቂት የዱር ዘመዶቻቸው ውጭ እምብዛም እንደማይገኝ ነው። ይህ ለገበሬው ትልቅ ዜና ነው፤ ጠላቱ ከማሳው ርቆ የሚደበቅበት ቦታ ብዙ አይደለም ማለት ነውና።

ቺሎ ደግሞ መጤ ነው። የትውልድ አገሩ እስያ ሲሆን በአፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መባቻ በማላዊ ነው። ከዚያ ወዲህ የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካን ቆላማ ቦታዎች ተራ በተራ አዳረሰ። መልኩ ከቡሴዎላ ፈዘዝ ያለ፣ ወደ ደረቅ ገለባ ቀለም የሚያደላ ነው። ትሉ በጀርባው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ስላለው ለመለየት አያስቸግርም።

ሁለቱን በኢትዮጵያ ካርታ ላይ የሚያስቀምጣቸው ዋናው ነገር ከፍታ ነው። አሰፋ ገብረ አምላክ የተባሉት ኢትዮጵያዊ የነፍሳት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት የአገር አቀፍ ዳሰሳ፣ ቡሴዎላ ከ1,160 እስከ 2,500 ሜትር ባለው ቀዝቃዛ ከፍታ እንደሚያይል፣ ቺሎ ግን ከ1,700 ሜትር በታች ባለው ሞቃት አገር እንደሚበዛ አሳይተዋል። ከዚያ ወዲህ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው እማና ጌቱና ባልደረቦቻቸው የከፍታ፣ የሙቀትና የዝናብ መረጃን ከማሳ ቆጠራ ጋር አዛምደው የቺሎን ሥርጭት መተንበይ የሚቻልበትን መንገድ ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ አማራ ክልልን ብቻ ወስዶ ከፊል ደረቁን አካባቢ ከቀዝቃዛውና እርጥቡ ጋር አነጻጽሯል።

ይህን መሥመር መሬት ላይ ማየት የፈለገ ሰው ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደውን መንገድ ይያዝ። የሐይቅ ሐይቅ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተኝቷል። ከሐይቅ ከተማ ወደ ምሥራቅ የሚገነጠለው መንገድ በቢስቲማ በኩል ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። በሰሜን በኩል ውጫሌን አልፎ፣ የአምባሰልን ሰንሰለት በግራ ትቶ ወደ መርሳ ያዘቀዝቃል። የግብርና ምርምር ማዕከል ያለበት ሲሪንቃ 1,850 ሜትር፣ ራቅ ብሎ ያለው ቆቦ ደግሞ 1,470 ሜትር ገደማ ናቸው። ከሰዓታት በማይበልጥ ጉዞ ከቡሴዎላ ግዛት ተነስቶ ቺሎ ወደሚነግሥበት ሜዳ መድረስ ይቻላል። መካከለኛው ወገብ ላይ፣ ማለትም ብዙው የማሽላ ማሳ ባለበት ወይና ደጋ፣ የሁለቱ ግዛት ይደራረባል። በዚህ ከፍታ አንድን አገዳ ሰንጥቆ የአገሬውን ትል፣ ከጎኑ ያለውን ሰንጥቆ የመጤውን ትል ማግኘት አያስደንቅም።

ከፍታው ራሱ ምክንያት እንዳልሆነ የሚያሳየው የምዕራብ አፍሪካ ጉዳይ ነው። እዚያ ያው ቡሴዎላ በዝቅተኛው ሳቫና ሜዳ ላይ ተመቻችቶ ይኖራል። በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ግን ከ600 ሜትር በታች እምብዛም አይታይም። እያንዳንዱ አካባቢ ያለው ሕዝበ ቡሴዎላ የየራሱን ሙቀትና እርጥበት ለምዷል፤ ከፍታ ደግሞ በእኛ አገር የሙቀትና የእርጥበት መለኪያ ነው።

ድንበሩም ዘላለማዊ አይደለም። ቺሎ ዕድገቱ ፈጣን ነው፤ በጋውን በደረቅ አገዳ ውስጥ ተኝቶ ከሚያሳልፍበት እንቅልፍም ቀድሞ ስለሚነቃ አዲሱ ቡቃያ ላይ ቀድሞ ይደርሳል። በደቡብ አፍሪካ ደጋማ ሜዳና በኬንያ አንዳንድ ከፍታዎች ቡሴዎላን ከቀድሞ ቦታው እየገፋ መሄዱ ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ2015 በኪሊማንጃሮና በታይታ ተራሮች ዳገት ላይ የተደረገ ጥናትም ሙቀቱ ሲጨምር እነዚህ የእሳት እራቶች ወደ ላይ እንደሚወጡ ተንብይዋል። አምባሰልም እንደነዚያ ተራሮች በአጭር ርቀት ከቆላ ወደ ደጋ የሚወጣ አገር ነው። ዛሬ የቆላው ገበሬ ብቻ የሚያውቀውን ባለ ነጠብጣብ ትል ነገ የወይና ደጋው ገበሬ በብዛት ቢያየው፣ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ከእንቁላል እስከ ክንፍ

የእሳት እራቷ ከሙሽሬዋ፣ ማለትም ትሏ ወደ ክንፋም ስትለወጥ ከምትታሸግበት ቅርፊት፣ ሰብራ የምትወጣው ጀምበር ከጠለቀች በኋላ፣ እኩለ ሌሊት ሳይደርስ ነው። ቀን ማማ ላይ ሆኖ ወንጭፍ እያጮኸ ግሪሳ የሚያባርረው ጠባቂ አይቷት የማያውቀውም ለዚህ ነው። ክንፏ እስኪደርቅ ትታገሣለች። ከዚያም አንድ ቦታ ረግታ ተቀምጣ፣ ለሰው አፍንጫ የማይታወቅ ሽታ ወደ ነፋሱ ትለቃለች። ወንዱ በጨለማ ሽታውን ተከትሎ ይመጣል። ዕድሜዋ በቀናት የሚቆጠር በመሆኑ የምታባክነው ጊዜ የላትም፤ ሳትዘገይ እንቁላል መጣል ትጀምራለች።

አጣጣላቸው ይለያያል። ቡሴዎላ እንቁላሏን ትደብቃለች፦ ቅጠሉ አገዳውን አቅፎ በያዘበት ስንጥቅ ውስጥ ከ30 እስከ 100 የሚሆኑትን በአንድ ጊዜ ትሰካለች። እንዲህ እያደረገች በሕይወቷ በመቶዎች የሚቆጠሩ ትጥላለች። ቺሎ ግን ቅጠሉ ላይ በግልጽ፣ አንዱ የሌላውን ጠርዝ እንዲሸፍን አድርጋ በረድፍ ትለጥፋለች። ጠዋት ጠዋት ማሳውን የሚጎበኝ ሰው የቺሎን እንቁላል በዓይኑ አይቶ በጣቱ ሊጨፈልቀው ይችላል። የቡሴዎላን ግን ቅጠሉን ከአገዳው ሳይገነጥል አያገኘውም።

በሳምንት ወይም በዐሥር ቀን ውስጥ እንቁላሉ ይፈለፈላል። ትንንሾቹ ትሎች ወዲያው ወደ ላይ፣ ወደ እምብርቱ ይወጣሉ። ሁሉም ግን እዚያው አይቀሩም። አንዳንዶቹ ከአፋቸው የሐር ክር አውጥተው ይንጠለጠላሉ፤ ነፋስ ይዟቸው ወደ ጎረቤት ማሽላ ያሻግራቸዋል። አንድ ማሽላ ላይ የተጣለ እንቁላል በዙሪያው ያሉትን ሁሉ የሚያዳርሰው በዚህ ዘዴ ነው። ጉዳቱ በማሳው ውስጥ እዚህም እዚያም ተበታትኖ የሚታየውም ስለዚሁ ነው።

እምብርቱ ውስጥ ያለው የመጀመሪያው ምግብ ለጋው ጥቅል ቅጠል ነው። ቀዳዳዎቹ የሚሰደሩት ያኔ ነው። ከዚያ ወዲያ ትሏ ወደ ታች ትወርዳለች። ማሽላው ገና ለጋ ከሆነ የሚያድግበትን ጫፍ ትበላውና የመሐሉ ቅጠል ይደርቃል። ይህን ማረጋገጥ ቀላል ነው፦ ዳር ዳሩ ያሉት ቅጠሎች ለምለም ሆነው መሐሉ ብቻ ገርጥቶ ሲታይ፣ ያንን ደረቅ ቅጠል ይዞ ሳብ ማድረግ። ያለ ምንም ትግል እጅ ላይ ይወጣል፤ ሥሩ በስብሶ ይሸታል። እንዲህ ልቡ የሞተ ማሽላ ከጎኑ ቢያቆጠቁጥ እንጂ ራስ አያወጣም።

ማሽላው ጠንከር ካለ በኋላ ከሆነ ደግሞ ትሏ አገዳውን በጎን በኩል በስታ ትገባለች። ከዚህ በኋላ የምትኖረው፣ የምትበላውም የምትጸዳዳውም እዚያው ውስጥ ነው። ከቀዳዳው አፍ ሰጋቱራ የመሰለ ኩሷ ይፈሳል። አገዳው በቢላ ለሁለት ሲሰነጠቅ ነጭ መሆን የነበረበት ልብ ከአንጓ ወደ አንጓ በተዘረጋ ጎሬ ተቦርቡሯል፤ የጎሬው ዳር ደግሞ ቀይ ሆኗል። ማሽላ ሲቆስል ቁስሉን በቀይ ቀለም ይሸፍናል፤ በቀዳዳው በኩል የገባ ሻጋታ ሲጨመርበት ቅላቱ ይብሳል። ጥንቅሽ እየላጠ ሲመጥ ያደገ የወሎ ልጅ ይህን ቀይ መንገድ ያውቀዋል። እዚያ ሲደርስ ጣዕሙ ይለወጥበታል፤ ቀሪውን ሰብሮ ይጥለዋል።

አገዳ ለማሽላው የውኃና የምግብ ቧንቧ ነው። ቧንቧው ሲቦረቦር ራሱ በደንብ አያሽትም፤ ፍሬው ቀሎ ይቀራል። ራሱን የተሸከመው የላይኛው ቀጭን አገዳ ከተቦረቦረ ደግሞ የመስከረም ነፋስ ይሰብረዋል።

ትሏ ቆዳዋን ደጋግማ እየቀየረች ታድጋለች። የቡሴዎላ ትል መጨረሻ ላይ እስከ አራት ሳንቲ ሜትር ትረዝማለች። ሙሽሬ ከመሆኗ በፊት አንድ ብልህ ሥራ ትሠራለች፦ ከውስጥ ወደ ውጭ መስኮት ትቆፍራለች። የእሳት እራት ሆና ስትወጣ አገዳ የሚቆረጥም መንጋጋ አይኖራትምና መውጫዋን በትልነቷ አዘጋጅታ ትቆያለች። ከዚያ ወደ ጎሬዋ ተመልሳ ቡናማ ሙሽሬ ትሆናለች። ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ክንፍ አውጥታ በዚያች መስኮት ትወጣለች።

ከእንቁላል እስከ ክንፍ ያለው ጉዞ ለቡሴዎላ ሰባት ስምንት ሳምንት ሲፈጅ፣ ለቺሎ እንደ ሙቀቱ ከ25 እስከ 50 ቀን ይበቃዋል። በአንድ የማሽላ ወቅት ውስጥ እንግዲህ አንድ ትውልድ ብቻ አይደለም የሚፈራረቀው። ሚያዝያ ውስጥ የተዘራውን የመጀመሪያው ትውልድ፣ ዘግይቶ የተዘራውን ደግሞ በቁጥር የበዛው ሁለተኛው ትውልድ ይጠብቀዋል። በሐዋሳ በበቆሎ ላይ የተደረገው የእነ አሰፋ ገብረ አምላክ ጥናትም ቀድሞ የተዘራው ዘግይቶ ከተዘራው ያነሰ ጉዳት እንደሚደርስበት አሳይቷል።

ስድስት ወር ያለ ምግብ

ኅዳር ሲገባ ማሽላው ደርቆ ይታጨዳል። አብዛኛው ሰው ትሉም አብሮ ያለቀ ይመስለዋል። አላለቀም። የመጨረሻው ትውልድ ትሎች አገዳው እያረጀና እየደረቀ መሄዱ ምልክት ይሆናቸዋል። እንደ ቀደሙት ሙሽሬ አይሆኑም፤ ጎሬያቸው ውስጥ ጸጥ ብለው ይተኛሉ። የሰውነታቸው ሥራ እጅግ ይቀንሳል፤ ቀለማቸው ይገረጣል፤ የቺሎ ነጠብጣብ ሳይቀር ይጠፋል። በዚህ ሁኔታ ቡሴዎላ ስድስት ወርና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል።

ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ዋናው ነገር ውኃ ነው። ዝናብ አገዳውን አርሶ እርጥበቱ ትሉ ጋ ሲደርስ ይነቃል፤ ሙሽሬ ይሆናል፤ በሳምንታት ውስጥም የእሳት እራት ሆኖ ይወጣል። ገበሬው ዝናቡን ጠብቆ ይዘራል፤ ትሉም ያንኑ ዝናብ ጠብቆ ይወጣል። ሁለቱ ቡቃያው ላይ ይገናኛሉ።

በጋውን የሚያሳልፉበት ቦታ ሁለት ነው። አንደኛው አጭዶ የተተወው የአገዳ ጉቶ ነው፤ ከመሬት በላይ ያለው ስንዝር የማይሞላ ቅሪት ውስጥ ትሎች ይገኛሉ። ሁለተኛው ደግሞ በየደጁ ያለው የአገዳ ክምር ነው። አገዳው አንዱ በአንዱ ላይ ተደግፎ ቀጥ ብሎ ሲቆም ዳር ያለው ፀሐይ ይመታዋል፤ መሐል ያለው ግን ጥላ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ከወፍም የተጠበቀ ነው። ለትሉ ከዚህ የተሻለ ማረፊያ የለም።

አሰፋ ገብረ አምላክ እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተሙት ሥራ የሚያነሳው ይህንኑ ነው። ደረቁ አገዳ ማሳው ላይ በአግድም ተዘርግቶ ለአራት ሳምንታት ያህል ፀሐይ ሲመታው ውስጡ ያሉት ትሎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ያልቃሉ። መድኃኒት አልተገዛም፤ አገዳውም አልተቃጠለም። ፀሐዩ ብቻ በቂ ሆነ። በናይጄሪያ የተደረገ ሙከራ ደግሞ አገዳውን በቀላል እሳት ለብለብ ማድረግ ትሉን ገድሎ አገዳውን ለአጥርና ለግንባታ እንደሚያስቀር አሳይቷል። በደቡብ አፍሪካም ጉቶውን መቆራረጥ ብቻውን 70 በመቶ ያህሉን ትል እንደሚያጠፋ፣ ከዚያ በኋላ ማረስ ደግሞ ከቀሪው ብዙውን እንደሚጨርስ ተመዝግቧል።

ሳይጠሩት የመጣው ተርብ

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ደስ የሚል ምዕራፍ አለ። መቀመጫውን ናይሮቢ ያደረገው ዓለም አቀፉ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ኢሲፔ እ.ኤ.አ. በ1991 ከፓኪስታን ኮቴሲያ ፍላቪፔስ የተባለች ጥቂት ሚሊ ሜትር ርዝመት ያላት ጥቁር ተርብ አስመጣ። ቺሎ ከእስያ ሲመጣ የተፈጥሮ ጠላቱን እዚያው ትቶ ነበር፤ የማዕከሉ ሐሳብም ጠላቱ ተከትሎት እንዲመጣ ማድረግ ነበር። ተርቧ እ.ኤ.አ. በ1993 በኬንያ ጠረፍ፣ በ1997 ደግሞ በሶማሊያ ተለቀቀች።

በኢትዮጵያ የለቀቃት አልነበረም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1999 እነ እማና ጌቱ የማሽላና የበቆሎ ማሳ ሲፈትሹ አገኟት። ከሶማሊያ በራሷ ክንፍ ተሻግራ ሳትገባ አልቀረችም።

አሠራሯ ጭካኔ የተሞላበት ነው። የትሉን ኩስ ሽታ ተከትላ ቀዳዳውን ታገኛለች፤ ጠባቡን ጎሬ ሰርስራ ትገባለች፤ ትሉን ወግታ በውስጡ በርካታ እንቁላሎች ትጥላለች። ልጆቿ ትሉን ከውስጥ እየበሉ አድገው ሲወጡ ነጫጭ ትንንሽ የሐር ጎጆዎች ይፈትላሉ። አገዳ ሰንጥቆ ከሞተ ትል አጠገብ የነጭ ጥጥ ክምር የመሰለ ነገር ያገኘ ሰው ሊያጠፋው አይገባም፤ ወዳጁ ነው።

ተርቧ ግን ለቡሴዎላ መፍትሔ አይደለችም። በቡሴዎላ ትል ውስጥ የጣለችውን እንቁላል የትሉ ደም ከብቦ ይገድለዋል። በቆላው ማሳ የምትረዳው ተርብ ስለዚህ በደጋው ማሳ ያን ያህል አትረዳም። የትኛው ትል የትኛው ከፍታ ላይ እንዳለ ማወቅ ለምርምር ወረቀት ብቻ የሚጠቅም ነገር ያልሆነውም ለዚህ ነው።

መድኃኒትና ሣር

ማሳው ሲጎዳ ብዙ ሰው የሚሮጠው ወደ ፀረ ተባይ ሱቅ ነው። መድኃኒቱ የሚሠራበት ጊዜ ግን ጠባብ ነው። ትሏ እምብርቱ ውስጥ ባለችባቸው ጥቂት ቀናት ይደርስባታል። አገዳው ውስጥ ከገባች በኋላ የሚረጨው ሁሉ ወጪ ብቻ ነው፤ ለዚያውም ከትሏ ይልቅ ተርቧን የመግደል ዕድሉ ይሰፋል።

ጠላትን መለየትም ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ምዕራብ አፍሪካ ላይ ታይቶ በ2017 ኢትዮጵያ የገባው የአሜሪካ ተምችም በእምብርት ውስጥ ሆኖ ቅጠል ይበሳል። እሱ ግን በአብዛኛው እምብርቱ ውስጥ ቆይቶ ቅጠሉን በሰፊው ይቦጫጭቃል፤ በርካታ እርጥብ ኩስም እዚያው ይከምራል። የአገሩ ተምች ደግሞ በመንጋ መጥቶ ማሳውን በቀናት ውስጥ የሚያራቁት ነው። አገዳ ቆርቁር ግን ድምፅ ሳያሰማ ውስጥ ለውስጥ የሚሠራ ነው።

ሌላው አማራጭ ኢሲፔ ከእንግሊዙ ሮታምስቴድ የምርምር ማዕከል ጋር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያዳበረው የመግፋትና የመሳብ ዘዴ ነው። በማሽላው ወይም በበቆሎው መስመር መካከል ዴስሞዲየም የተባለ የመኖ ተክል ይዘራል፤ ሽታው የእሳት እራቷን ይገፋታል። በማሳው ዙሪያ የዝሆን ሣር ይተከላል፤ እሱ ደግሞ ይስባታል። እዚያ ሄዳ እንቁላል ብትጥልም ሣሩ የሚያመነጨው ሙጫ ብዙዎቹን ትሎች ይገድላል። ዴስሞዲየም በተጨማሪ አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም ያዳክማል። በወሎ ቆላና ወይና ደጋ አቀንጭራ ማሽላን ምን ያህል እንደሚያሰቃይ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ትርፍ አይደለም። ሁለቱም ተክሎች የከብት መኖ መሆናቸው ደግሞ መሬት ለጠበበው ገበሬ ነገሩን ያቀልለታል።

ከሁሉም ርካሹ ግን አገዳው ላይ የሚሠራው ነው፤ ጊዜውም ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው። ማሽላ ሲታጨድ ወደ መሬት ጠጋ ብሎ ማጨድ፣ አገዳውን ከመከመር በፊት ለአራት ሳምንት ማሳው ላይ በአግድም ዘርግቶ ፀሐይ ማስመታት፣ ጉቶውን ሳይቆዩ ማረስ፣ ለከብት የሚሰጠውን አገዳ ቆራርጦ መስጠት፣ ለማገዶ የተቀመጠውን ዝናብ ሳይመጣ አንድዶ መጨረስ፣ ለአጥርና ለጎጆ የሚሆነውን ደግሞ በፀሐይ ካለፈው መምረጥ። ከእነዚህ ውስጥ ገንዘብ የሚጠይቅ የለም።

አንድ ቤተሰብ ብቻውን ቢያደርገው ግን ውጤቱ ያንሳል። የእሳት እራቷ በአንድ ሌሊት አጥር ተሻግራ የጎረቤት ማሳ ላይ ትደርሳለች፤ አንድ ያልተነካ ክምር ደግሞ ለብዙ ማሳ የሚበቃ ትል ይይዛል። ሥራው የሚሠራው እንግዲህ በቀበሌ ደረጃ፣ በአንድ ጊዜ፣ በስምምነት ነው። በአማራ ክልል የተፋሰስ ልማት ዘመቻ ጥርና የካቲት ላይ ሰውን በነቂስ ያስወጣል። ትሉ እንቅልፍ ላይ ያለው በእነዚሁ ወራት ነው። የተሁለደሬና የአምባሰል ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች እርከን በሚሠራበት ሰሞን ለአገዳው አንድ ቀን ቢመድቡ፣ የልማት ሠራተኞችም በየቀበሌው ጥቂት አገዳ በሕዝብ ፊት ሰንጥቀው ትሉን ከነሕይወቱ ቢያሳዩ፣ ዘመቻው ለሐምሌው ማሽላ ጭምር ይሆናል። እስከዚያው ድረስ እያንዳንዱ አንባቢ ደጁ ካለው ክምር መሐል አንድ አገዳ መዝዞ ለሁለት ይሰንጥቀውና ውስጡን ይመልከት።